የወላጅ መኪና ከነዕዳው

የዛሬው የሕግ ትምህርት ዝግጅታችን ወላጅ ሲያርፉ የባንክ ዕዳው ተከፍሎ ያላለቀ መኪና ትተው በሚሄዱበት ጊዜ በቤተሰብ መካከል ስለሚነሣው ክርክር ነው። የውርስ ክርክር ሲባል ቶሎ ወደ ሐሳባችን የሚመጣው ቤት ነው። መኪና ግን ከቤት የተለየ ጠባይ አለው። በየዓመቱ ዋጋው ይቀንሳል ወይም እንደ ገበያው ይወጣል ይወርዳል፣ ይጋጫል፣ ይሰበራል፣ ቆሞ ሲከርም ባትሪውም ጎማውም ይበላሻል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ለመካፈል አይመችም። በአንድ ግቢ አራት ልጆች ክፍል ክፍል ይዘው ሊኖሩ ይችላሉ፤ የመኪናው ቁልፍ ግን የሚያድረው በአንዱ ኪስ ውስጥ ነው። በዚህ ላይ ወር በወር የሚከፈል የባንክ ዕዳ ሲጨመርበት፣ ሐዘኑ ገና ሳይወጣ ጠቡ ይጀምራል።

በዚህ ዝግጅት የምከራከርለት ነጥብ አንድ ነው። ልጆች ከወላጃቸው የሚወርሱት መኪናውን ብቻ አይደለም፤ መኪናውንና ዕዳውን አንድ ላይ ነው። ለክፍፍል የሚቀርበውም መኪናው ገበያ ላይ የሚያወጣው ሳይሆን ዕዳው ከተከፈለ በኋላ የሚተርፈው ነው። ሲነገር ማንም የሚቀበለው ነገር ይመስላል። ፍርድ ቤት የሚደርሱትን ክርክሮች ስንመረምር ግን አብዛኛውን ጊዜ የጠቡ ሥር ሁለቱን መነጣጠል ሆኖ እናገኘዋለን። አንዱ ልጅ መኪናውን ይይዝና ዕዳው የሁላችን ነው ይላል። ሌላው ዕዳውን ሲከፍል ቆይቶ መኪናው የኔ ነው ይላል። ሌሎቹ ደግሞ ዕዳውንም ከፋዩንም ረስተው ከሙሉ ዋጋው ድርሻችን ይሰጠን ይላሉ። ሦስቱም ከአንዱ ሕግ የሚፈልጉትን ግማሽ ብቻ ቆርጠው እየወሰዱ ነው።

ሕጉ ምን እንደሚል እንመልከት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 826 ሥር፣ በሞት ምክንያት ከሚቋረጡት በቀር የሟች መብቶችና ግዴታዎች ለወራሾቹ እንደሚተላለፉ ይደነግጋል። መብቱና ግዴታው የተቀመጡት ጎን ለጎን ነው፤ አንዱን አንሥቶ ሌላውን መተው አይቻልም። የብድር ዕዳ ደግሞ እንደ ሥራ ውል ከሰውየው ማንነት ጋር የተጣበቀ ስላልሆነ በሞት አይጠፋም። ቁጥር 1014ን ስናይ ነገሩ ይበልጥ ይጠራል። ከውርሱ ሀብት ላይ አስቀድሞ የሚከፈለው የቀብር ወጪ ነው፤ ቀጥሎ ውርሱን ለማስተዳደርና ለማጣራት የወጣው ወጪ፣ ከዚያ የሟች ዕዳ፣ ከዚያ ቀለብ፣ በመጨረሻም ሟች በኑዛዜ ለይተው የሰጧቸው ስጦታዎች። ወራሾች የሚካፈሉት ይህ ሁሉ ተከፍሎ በቀረው ላይ ነው። በሸሪዓ ፍርድ ቤት ለመዳኘት የተስማሙ ወገኖችም ቢሆኑ በዚህ ነጥብ የተለየ መንገድ የላቸውም። ወንድና ሴት ልጅ ወይም ሚስት የሚደርሳቸው መጠን ይለያያል እንጂ፣ ዕዳ ሳይከፈል ክፍፍል የለም የሚለው መርሕ በሸሪዓም የጸና ነው።

ወደ ባንኩ እንምጣ። በብድር የተገዛ መኪና ሊብሬው በተበዳሪው ስም ቢወጣም፣ ባንኩ መኪናውን በመያዣነት ስላስመዘገበ በመንገድ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ባለው ፋይል ላይ እገዳ ተመዝግቦበታል። ባንኩ ዕዳው ማለቁን የሚገልጽ ደብዳቤ እስካልጻፈ ድረስ ማንም ሰው፣ የወራሽነት ማስረጃ ቢይዝም እንኳ፣ ሊብሬውን በራሱ ስም አዙሮ ከዕዳ ነፃ ሊያደርገው አይችልም። ክፍያው ከተቋረጠ ደግሞ ባንኮች በመያዣ የያዙትን ንብረት የፍርድ ቤት ፍርድ ሳያስፈልጋቸው፣ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥተው በሐራጅ እንዲሸጡ አዋጅ ቁጥር 97/1990 ሥልጣን ሰጥቷቸዋል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና መብት አዋጅ ቁጥር 1147ም በተንቀሳቃሽ ንብረት ላይ ያለ የመያዣ መብት በመዝገብ እንዲታወቅ የሚያደርግ ሥርዓት አቁሟል። ወንድማማቾች በሚስማሙበትም ሆነ በማይስማሙበት ጊዜ የባንኩ መብት ከፊታቸው ቆሟል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ ሳያውቀው የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። አባት ደመወዝተኛ ከነበሩ ክፍያው በየወሩ ከደመወዛቸው ወይም ከሂሳባቸው ይቆረጥ ነበር። ሲሞቱ ደመወዙ ይቋረጣል። ባንኩ ሞታቸውን ሲያውቅ ሂሳባቸው የወራሽነት ማስረጃ እስኪቀርብ ድረስ ይዘጋል። ስለዚህ በአባት ሂሳብ ውስጥ ለዓመት የሚበቃ ገንዘብ ተቀምጦ እያለ የመኪናው ብድር ውዝፍ ሊሆን ይችላል። ወለዱም ቅጣቱም ይቆጥራል። ቤተሰቡ ‹‹ገንዘብ አላቸው፣ ባንኩ ራሱ ይቆርጣል›› ብሎ ተማምኖ አርባው እስኪያልፍ ይቀመጣል፤ ከዚያ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይመጣል። ብድሩ ወደሚከፈልበት ሂሳብ ማንም ሰው ገንዘብ ማስገባት ይችላል። የሚያስገባው ሰው ግን ደረሰኙ ላይ የማን ብድር ክፍያ እንደሆነና ከፋዩ ማን እንደሆነ ማስጻፍ አለበት። ይህች ቁራጭ ወረቀት በኋላ ምን ያህል ዋጋ እንዳላት እንመለስበታለን።

‹‹ታዲያ የአባታችንን ዕዳ እኛ ለምን እንከፍላለን?›› የሚል ተቃውሞ መነሣቱ አይቀርም፤ ተገቢ ጥያቄም ነው። መልሱ፣ ከኪሳችሁ አትከፍሉም የሚል ነው። የሟች ገንዘብ ጠያቂዎች መብታቸውን የሚያገኙት ከውርሱ ሀብት ላይ ነው፤ ወራሹ ከዚያ ሀብት በላይ በግል ንብረቱ አይጠየቅም። መኪናው ተሸጦ ዕዳውን ባይሸፍን ባንኩ ቀሪውን ከሌላው የውርስ ሀብት፣ ካለ ከቤቱም ከቁጠባውም፣ ሊጠይቅ ይችላል፤ የልጅየውን ደመወዝ ግን አይነካም። ሁለት ልዩ ሁኔታዎችን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ልጁ ወይም የሟች የትዳር ጓደኛ በብድር ውሉ ላይ በዋስነት ወይም በአብሮ ተበዳሪነት ፈርመው ከሆነ የሚጠየቁት በወራሽነታቸው ሳይሆን በፊርማቸው ነው፤ ውርሱን አልፈልግም ማለት ከዋስነት አያወጣም። ሁለተኛው፣ ውርሱ ከሀብቱ ይልቅ ዕዳው የሚበዛ መሆኑን የጠረጠረ ወራሽ ውርሱን አልቀበልም የማለት መብት አለው፤ ነገር ግን መኪናውን እየነዳ፣ ኪራዩን እየሰበሰበ ወይም ዕቃውን እየሸጠ ቆይቶ አልወርስም ቢል የሚሰማው የለም። በባለቤትነት ማዘዝ ራሱ ውርሱን እንደ መቀበል ይቆጠራልና።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር መጣራት አለበት። አንዳንድ ባንኮች ብድር ሲሰጡ የተበዳሪውን ሕይወት ለብድሩ መጠን የሚሸፍን መድን እንዲገባ ያደርጋሉ። አረቦኑ ከክፍያው ጋር ስለሚቆረጥ ተበዳሪው ራሱ ረስቶት ሊሆን ይችላል፤ ልጆቹማ ጭራሽ አያውቁትም። እንዲህ ያለ መድን ካለ ቀሪው ዕዳ የሚከፈለው በመድን ድርጅቱ ነው፤ መኪናውም ከዕዳ ነፃ ሆኖ ወደ ውርሱ ይገባል። ከዚያ ወዲያ ዕዳው ከመኪናው ዋጋ ላይ ይቀነስ የሚባለው ክርክር ሁሉ መሠረት አይኖረውም። ስለዚህ የሞት ምስክር ወረቀቱ እንደወጣ ወደ ባንኩ ሄዶ የብድር ውሉን ቅጂና የመድን ውሉን መጠየቅ ከማንኛውም የሽምግልና ስብሰባ መቅደም አለበት። ባንኩ በራሱ ተነሥቶ ይነግረኛል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው። ሐሳቤን በግልጽ ለመናገር፣ በዚህ ረገድ ባንኮች ለሟች ቤተሰብ ያለባቸው የማሳወቅ ግዴታ በጥብቅ ሊደነገግ ይገባል እላለሁ፤ አረቦኑን ሲቆርጡ ያልረሱትን ውል ካሳው ሊከፈል ሲል የሚረሱበት ምክንያት የለም።

አሁን ወደ ቤተሰቡ ውስጥ እንግባ። የመጀመሪያው ክርክር ብዙ ጊዜ የሚነሣው በእናትና በልጆች፣ በተለይ ደግሞ በእንጀራ እናትና በልጆች መካከል ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ በጋብቻ ጊዜ የተፈራ ሀብት የጋራ ነው የሚል ግምት ይወስዳል፤ ሊብሬው በአንዱ ስም ብቻ መሆኑ ይህን ግምት አያፈርሰውም። ደመወዝም የጋራ ሀብት ነው። ስለዚህ በጋብቻ ውስጥ በብድር ተገዝቶ ከደመወዝ ሲከፈል የኖረ መኪና ግማሹ ከመጀመሪያውም የሚስት ነው፤ ውርስ የሚሆነው የቀረው ግማሽ ነው። ብድሩም የጋራ ከሆነ ዕዳው ከሁለቱም ግማሽ ላይ ይነሣል። ልጆች ‹‹ሙሉው የአባታችን ነው›› ሲሉ ይሳሳታሉ። ሚስትም ብዙ ጊዜ በሌላ በኩል ትሳሳታለች። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ያለ ኑዛዜ ሲወረስ በቁጥር 842 መሠረት የመጀመሪያ ደረጃ ወራሾች ልጆች ናቸው፤ በእኩል ይካፈላሉ። የትዳር ጓደኛ የራሷን ግማሽ ትወስዳለች እንጂ በኑዛዜ ካልተሰጣት ከሟች ግማሽ ላይ ወራሽ አይደለችም። ብዙ ባልቴቶች ይህን የሚሰሙት ፍርድ ቤት ደርሰው ነው። መኪናው ከጋብቻ በፊት ተገዝቶ፣ ክፍያው ግን በጋብቻ ጊዜ ደመወዝ የተፈጸመ ሲሆን ደግሞ መኪናው የግል ሊሆን ይችላል፤ የጋራው ገንዘብ ለግል ንብረት መዋሉ ግን ለሚስት የካሣ ጥያቄ ያስነሣል። እዚህም ላይ መኪናውንና ክፍያውን አንድ ላይ ማየት ግድ ይላል።

ብዙውን ጊዜ እጅግ የሚያጣላው ግን ከሞት በኋላ ዕዳውን የከፈለው ልጅ ጉዳይ ነው። ታላቁ ልጅ መኪናው እንዳይሸጥ ብሎ ለወራት ከፈለ እንበል። ወንድሞቹና እኅቶቹ ዝም አሉ። በመጨረሻ ‹‹እኔ ባልከፍል ባንኩ ይወስደው ነበር፤ ስለዚህ መኪናው የኔ ነው›› አለ። ክርክሩ ስሜት አለው፤ ዳኛም ሲሰማው ልቡ ሊራራ ይችላል። ሕጋዊ መሠረቱ ግን ደካማ ነው። ክፍያ ዕዳን ያጠፋል እንጂ ባለቤትነትን አያስተላልፍም። የሌላ ሰው የሆነውን፣ እዚህ ላይ የሁሉም ወራሾች የሆነውን ዕዳ የከፈለ ሰው የከፈለውን መልሶ የመጠየቅ መብት ያገኛል፤ ዋስ ሆኖ ከከፈለማ በባንኩ እግር ተተክቶ ይጠይቃል። ዋስ ባይሆን እንኳ ቁጥር 2162 አንድ ሰው በሌላው ገንዘብ ያለ በቂ ምክንያት ሲበለጽግ ካሣ እንዲከፍል ያዛል፤ ዝም ብለው የተቀመጡት ወንድሞቹ በእሱ ደረሰኝ ሊበለጽጉ አይችሉም። ልጁ በእጁ ያለው መብት ጠንካራ ነው፤ መብቱ ግን ገንዘብ የመጠየቅ እንጂ ባለመኪና የመሆን አይደለም።

በቁጥር እናስላው። ለምሳሌ ያህል፣ በጋብቻ ውስጥ የተገዛች ቪትዝ በክፍፍሉ ቀን 1,900,000 ብር ታወጣለች፤ ለባንኩ የቀረው ዕዳ 700,000 ብር ነው፤ ታላቁ ልጅ አባቱ ካረፉ ወዲህ በየወሩ 20,000 ብር ለ8 ወር፣ በጠቅላላው 160,000 ብር ከፍሏል፤ ሟች ሚስትና አራት ልጆች ትተዋል። በስሜት የሚሠራው ሒሳብ 1,900,000ን ለሁለት ከፍሎ ለእናት 950,000፣ ለእያንዳንዱ ልጅ 237,500 ብር ይሰጣል፤ ዕዳውን ማን ይከፍላል ሲባል ግን ሁሉም ወደ ጎን ይተያያል። ትክክለኛው ሒሳብ ከ1,900,000 ላይ በመጀመሪያ የባንኩን 700,000፣ ቀጥሎ የከፋዩን ልጅ 160,000 ያነሣል። የቀረው 1,040,000 ብር ነው። ግማሹ 520,000 ብር የእናት ነው። የቀረው 520,000 ለአራት ልጆች ሲካፈል ለእያንዳንዳቸው 130,000 ብር ይደርሳል። ታላቁ ልጅ 130,000 ድርሻውንና የከፈለውን 160,000፣ በድምሩ 290,000 ብር ይወስዳል። ልጁ የጠየቀው መኪናዋን ነበር፤ የሚደርሰው ከዋጋዋ ከስድስት አንድ እጅ ገደማ ነው። ሌሎቹም ከገመቱት በእጅጉ ያነሰ አገኙ። ማንም የማይደሰትበት ሒሳብ ነው፤ ማንም ግን አልተበደለም።

ከፋዩ ልጅ ሒሳቡን በዚህ አይጨርስም። በእነዚያ 8 ወራት መኪናዋን ማን ነዳት? ቁልፉ በእሱ እጅ ከነበረና በታክሲ አገልግሎት አሰማርቶ ገቢ ሲያገኝባት ከቆየ፣ ያ ገቢ የጋራ ንብረት ፍሬ ነውና ወንድሞቹ ድርሻ ሊጠይቁበት ይችላሉ። እሱም በበኩሉ ነዳጁን፣ ሰርቪሱን፣ ጎማውን፣ የራሱንም ጉልበት ያስቀንሳል። እዚህ ላይ ነው ደረሰኝ ያለውና የሌለው የሚለያየው። በባንክ የገባ ክፍያ በሰነድ ይረጋገጣል፤ ‹‹ጋራዥ 40,000 ብር ከፍያለሁ›› የሚለው ቃል ግን ያለ ሰነድ ሲቀርብ ፍርድ ቤት ለመቀበል ይቸገራል። ከኪራዩ ቀን በቀን ምን እንደተገኘ የጻፈ ሰው ካልኖረም ዳኛው በግምት ወደ መወሰን ይገፋል፤ በግምት የሚወሰን ነገር ደግሞ ለይግባኝ በር ይከፍታል።

የአደጋውን ነገር ለይቼ ማንሣት እወዳለሁ፤ ምክንያቱም ወራሾች ጭራሽ አያስቡትም። ቁጥር 2081 የባለሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት፣ ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ፣ ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። አባት ከሞቱ በኋላ ባለቤቱ ማን ነው? ውርሱ እስኪጣራ ድረስ መኪናዋ የውርሱ ሀብት ናት፤ የነዳት ልጅ በግሉ ቢጠየቅም የጉዳቱ ካሣ ውርሱን ሁሉ ወደ ክርክር ሊስብ ይችላል። ዘወር ብሎ ያላያት ወራሽም በችሎት ይጠራል። የሦስተኛ ወገን መድኑ ጊዜው አልፎ ከሆነ ወይም ቦሎ ያልታደሰላት ከሆነች ነገሩ ይከፋል። ሙሉ መድን ካለ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ካሣው ቅድሚያ ለባንኩ እንዲከፈል በውሉ ላይ ተጽፏል፤ መኪናዋ ከጥቅም ውጪ ብትሆን ገንዘቡ በቀጥታ ወደ ወራሾች አይመጣም። መኪና አቁሞ ማቆየት ያከስራል፤ ያለ መድን መንዳት ግን ከዚያም የባሰ ነው። ስለዚህ ገና የወራሽነት ማስረጃ ሳይወጣ ቢያንስ መድኑ መታደሱን ማረጋገጥ የሁሉም ወራሾች የጋራ ጥቅም ነው።

ሌላው የተለመደ ክርክር ‹‹አባቴ በሕይወት እያለ ለኔ ሰጥቶኛል›› የሚለው ነው። ቁልፍ መስጠትና እንዲነዳ መፍቀድ አንድ ነገር ነው፤ ባለቤትነትን ማስተላለፍ ሌላ ነው። የተመዘገበ ተሽከርካሪ እንደ ሰዓትና እንደ ጋቢ ከእጅ ወደ እጅ በመስጠት ብቻ አይተላለፍም። በባንክ በተያዘ መኪና ላይማ ስጦታው ቢኖር እንኳ ባንኩ ሳያውቅና ሳይስማማ ስም ማዛወር አይቻልም። የትዳር ጓደኛም አለች፤ የቤተሰብ ሕጉ ቁጥር 68 ከ500 ብር በላይ ዋጋ ያለውን የጋራ ተንቀሳቃሽ ንብረት ለሌላ ለማስተላለፍ የሁለቱንም ተጋቢዎች ስምምነት ይጠይቃል። አምስት መቶ ብር ዛሬ ምን ይገዛል የምትሉ ትኖራላችሁ፤ ሕጉ ግን አልተለወጠም፤ መኪና ደግሞ በማንኛውም ሚዛን ከዚያ በላይ ነው። ስጦታው ይህን ሁሉ አልፎ የጸና ነው ቢባል እንኳ፣ አባት ለአንዱ ልጅ የሰጡት በክፍፍሉ ጊዜ ከድርሻው እንዲታሰብ ሌሎቹ ልጆች የመጠየቅ ዕድል አላቸው።

ከዚህ ጋር የሚመሳሰለው የውጭ አገር ልጅ ጥያቄ ነው። በአሜሪካ ወይም በአረብ አገር የሚሠራ ልጅ የቅድሚያ ክፍያውን ልኮ፣ ወር በወርም እየላከ፣ መኪናው ግን በአባት ስም ተገዛ። አባት ሲሞቱ ‹‹ገንዘቡ የኔ ነው፣ አባቴ ስማቸውን ብቻ ነው የሰጡኝ›› ይላል። ብዙ ጊዜ እውነቱን ነው። የሐዋላ ደረሰኝ ግን የሚያስረዳው ገንዘብ መላኩን ነው፤ ለምን እንደተላከ አያስረዳም። ለአባት መጦሪያ የተላከ ነው? ስጦታ ነው? ብድር ነው? ወይስ በአባት ስም የተገዛ የልጅ ንብረት? ብድር ወይም ውክልና ስለመኖሩ አንዲት ገጽ ጽሑፍ ከሌለ ሊብሬው ላይ የተጻፈው ስም ያሸንፋል። ይህ ፍርድ ለላኪው ልጅ የሚመርር መሆኑን አልክድም። ይሁን እንጂ በተቃራኒው ቢሆን፣ ማለትም የላኪ ቃል ሊብሬውን የሚሽር ቢሆን፣ ባንኩም ገዢውም ሌሎቹ ልጆችም በመዝገብ ላይ ያለውን ስም ሊያምኑት አይችሉም ነበር። መፍትሔው ሕጉን ማላላት ሳይሆን ገንዘቡ በሚላክበት ቀን አባትና ልጅ ሳያፍሩ ወረቀት መጻፋቸው ነው።

አሁን ደግሞ በጣም አደገኛ ወደ ሆነው ነገር እንሂድ፤ ውክልና። አባት በሕመማቸው ጊዜ ለአንዱ ልጅ መኪናውን እስከ መሸጥ የሚደርስ ውክልና ሰጥተው ይሆናል። ባረፉ በሳምንቱ ልጁ በዚያ ውክልና መኪናውን ሸጦ ዕዳውን ከፍሎ የተረፈውን ያስቀምጣል። ሐሳቡ ቅን ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2232 መሠረት፣ በተለየ ሁኔታ ካልተስማሙ በቀር፣ ውክልና በወካዩ ሞት ይቀራል። ከዚያ በኋላ የተፈረመው ሽያጭ ገና ከመነሻው አጠራጣሪ ነው፤ ገዢው የከፈለበት መኪና ከእጁ ሊወጣ ይችላል፤ ሻጩ ልጅም በወንድሞቹ ሲከሰስ ከፍትሐ ብሔር አልፎ የወንጀል ጥያቄ ሊነሣበት ይችላል። ገዢዎችም ብትሆኑ ውክልና ይዞ የመጣ ሻጭ ሲያጋጥማችሁ ወካዩ በሕይወት መኖራቸውን ሳታረጋግጡ ገንዘብ አትቁጠሩ። አገር ውስጥ የሌለ ወይም ያልተስማማ ወራሽ ካለ ሽያጩ በእሱም በኩል ለክርክር ክፍት ነው። የውጭ አገር ነዋሪ ወራሽ ለመስማማት ውክልናውን በኤምባሲ አረጋግጦ፣ እዚህ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በሰነዶች ማረጋገጫ በኩል ማሳለፍ አለበት። ያ ጊዜ ይፈጃል፤ የባንኩ የክፍያ ቀን ግን አይጠብቅም።

‹‹በዚህ ሁሉ ጉዳይ ፍርድ ቤት ከመንገላታት ሽማግሌ አይሻልም ወይ?›› የሚል አድማጭ ይኖራል። ይሻላል፤ ግን በልኩ። ወራሾች ሁሉ ለአካለ መጠን የደረሱ ከሆኑ በመካከላቸው የሚያደርጉት የክፍፍል ስምምነት የሚጸና ነው፤ ከዓመታት ሙግትም ይቀላል። ሽማግሌዎቹ ግን ባንኩን ማስታረቅ አይችሉም። ‹‹ዕዳውን ታናሽየው ይክፈል›› ብለው ቢወስኑ፣ ታናሽየው ሳይከፍል ቢቀር ባንኩ መኪናውን ሐራጅ ላይ ያወጣዋል፤ የሽማግሌዎቹን ወረቀት አያነብም። አንዱ ልጅ መኪናውን ከነዕዳው እንዲወስድ ከተፈለገ ባንኩ አዲሱን ተበዳሪ መርምሮ፣ ገቢውን አይቶ፣ ውሉን በስሙ ማዛወር አለበት። ይህ ካልሆነ ሁለት መንገድ ይቀራል፤ ከሌላው የውርስ ሀብት፣ ለምሳሌ ከተዘጋው ቁጠባ፣ ዕዳውን ዘግቶ እገዳውን ማስነሣት፣ ወይም በባንኩ ስምምነት መኪናውን ሸጦ ገዢው በቀጥታ ለባንኩ እንዲከፍል ማድረግ። ሦስተኛውን መንገድ፣ ማለትም በስምምነት ከመሸጥ ይልቅ ባንኩ በሐራጅ እስኪሸጥ መጠበቅን፣ አልመክርም። በፈቃድ የሚሸጥ መኪና የገበያ ዋጋውን ሊያገኝ ይችላል፤ በዕዳ በሐራጅ የሚሸጥ ግን ብዙውን ጊዜ ከዚያ በታች ይሄዳል፤ ልዩነቱ ከእያንዳንዱ ወራሽ ድርሻ ላይ የሚነሣ ነው።

በወራሾቹ መካከል ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ካለ ደግሞ የሽማግሌ ስምምነት ብቻውን አይበቃም። እናት ሞግዚት ብትሆንም፣ የራሷን ግማሽ የምትቀበል እሷ፣ የልጁን ድርሻ የምትፈርም እሷ ስትሆን ጥቅሟና የልጁ ጥቅም ሊጋጩ ይችላሉ። ልጁ አድጎ ‹‹ድርሻዬ በርካሽ ተሸጠ›› ብሎ እንዳይነሣ ስምምነቱን በፍርድ ቤት ማጸደቅ ይሻላል። በአዲስ አበባ የወራሽነት ማስረጃ የሚሰጠው በከተማው ፍርድ ቤቶች ነው፤ ሟች የት ይኖሩ እንደነበር፣ ወራሾቹ እነማን እንደሆኑ በሰነድና በምስክር ተጣርቶ ይሰጣል። በባለቤትነት ወይም በድርሻ ላይ እውነተኛ ክርክር ከተነሣ ግን ጉዳዩ ሥልጣን ወዳለው ሌላ ፍርድ ቤት ይሄዳል፤ የወራሽነት ማስረጃ ማን ወራሽ እንደሆነ ይናገራል እንጂ መኪናው የማን እንደሆነ አይፈርድም። መብቱንም መኪናው በሌላ ሰው እጅ መያዙንም ያወቀ ወራሽ፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1000 መሠረት የውርስ ንብረት ይመለስልኝ የሚል ክሱን በሦስት ዓመት ውስጥ ካላቀረበ በይርጋ ሊመለስ ይችላል። ‹‹ወንድሜ ነው፣ ዛሬ ነገ ይሰጠኛል›› እያለ የሚጠብቅ ሰው ይህን ጊዜ ከዛሬ ጀምሮ ይቁጠር። ወደ ፍርድ ቤት ሲሄድም የሚከተሉትን ይዞ ይሂድ፦ የሊብሬውን ቅጂ፣ የብድር ውሉን፣ ባንኩ በሞቱ ቀንና በክሱ ቀን ምን ያህል ዕዳ እንደነበረ የሚገልጽበትን ደብዳቤ፣ የመድን ውሉን፣ የጋብቻ ማስረጃውን፣ ከሞት ወዲህ ማን ምን እንደከፈለ የሚያሳዩትን የባንክ ደረሰኞች። ዳኛው በመጀመሪያ የሚጠይቀው ዕዳው ስንት ነው ብሎ ነው።